ክቡር መለኪያና አራቱ ዘንጊ ማሽኖች

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ የማያምን ሰው አለ። የሃይማኖት ነገር አይደለም የማወራው። “ታምሜአለሁ” ስትሉት “ከመቼ ጀምሮ?” የሚል፤ “ኢንተርኔቱ ዛሬ ሞቷል” ስትሉት “ከትናንቱ በስንት ይብሳል?” የሚል፤ “ኧረ ኑሮ ተወደደ” ብላችሁ እፎይ ለማለት ስትጀምሩ “የቱ ዕቃ?” ብሎ ወጋችሁን አፈር የሚያበላ። እንዲህ ያለው ሰው ቤተሰብ ውስጥ ከሆነ ማንም አጠገቡ መቀመጥ የማይፈልግ አጎት ነው። ሰፈር ውስጥ ከሆነ ውሻ እንኳ አይጮህበትም፤ ለምን እንደጮኸ ይጠየቃላ! መሥሪያ ቤት ውስጥ ከሆነ ግን፣ እመኑኝ፣ የሚጠብቀው ሹመት ሳይሆን ምድር ቤት ነው።

የእኛው ሰው ክቡር መለኪያ ይባሉ ነበር። “ክቡር” የተባሉት ለሹፈት ነው፤ ሹፈቱ ውሎ አድሮ የእውነት ሆኖ ቀረ። “መለኪያ” የተባሉት ደግሞ የማይለኩት ነገር ስላልነበረ ነው። ስማቸውን ከሩቅ የሰማ ሁሉ ጠጪ ይመስሉት ነበር። እሳቸው ግን መለኪያ ከሚባለው ብርጭቆ ጋር ዕድሜ ልካቸውን ከንፈር ለከንፈር ተገናኝተው አያውቁም።

እኔና ክቡር መለኪያ የምንሠራው በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የኮምፒውተር ክፍል ነበር። እሳቸው በዕድሜ በአሥራ አምስት ዓመት ይበልጡኛል፤ “ጋሼ” ነው የምላቸው። ያን ጊዜ ጋዜጣ ላይ የሰው አመል እየጻፍክ ትኖራለህ ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር ስቄበት ነበር። የምመኘው ሹመት ነበራ።

የሆስፒታሉን ሊፍት ለኩ። ከሦስተኛ ፎቅ በእግር መውረድ ሊፍት ከመጠበቅ በአርባ ሰከንድ እንደሚቀድም አረጋግጠው ውጤቱን ሊፍቱ በር ላይ ለጠፉ። የጥገናው ኃላፊ ወረቀቱን ሲቀድደው አዩት። የማግሥቱ ወረቀት ላይ፣ ከሊፍቱ መዘግየት በታች፣ የመጀመሪያው ወረቀት ስንት ሰዓት ተለጥፎ እንደቆየ ተጽፎ ነበር።

የዋና ዳይሬክተሩን ስብሰባ ለኩ። ዳይሬክተሩ በአንድ ስብሰባ “ስለዚህ” የምትለዋን ቃል ስልሳ አንድ ጊዜ ሲናገር፣ ከስልሳ አንዱ “ስለዚህ” በኋላ አንድም ውሳኔ አለመከተሉን በደብተራቸው መዘገቡ። (ክቡር መለኪያን “እሳቸው”፣ ዳይሬክተሩን “እሱ” የምለው በስሕተት አይደለም። አንቱታ የማታልቅ ነገር አይደለችም፤ ያለችኝን ለሚገባው ነው የማወጣት።)

ባለቤታቸው አስተማሪ ናት። አንድ ቀን ቢሮ መጥታ ስትጠብቃቸው እንዲህ አለችኝ፦ “ወንድሜ፣ ራሴን አመመኝ ስለው ‘ከአሥር ስንት?’ ይለኛል። ‘ስምንት’ ካልኩት ‘ባለፈው ወርም ስምንት ብለሽ ነበር፤ ያኔ ግን ልብስ አጥበሻል’ ይለኛል። እኔ ያገባሁት ባል ነው ወይስ ቴርሞሜትር?”

አንድ ነገር ብቻ አይለኩም ነበር፤ ጥፋተኛን። ማሽን ተበላሽቶ “ማን ነው ያበላሸው?” ተብለው ሲጠየቁ መልሳቸው ሁሌም አንድ ነው። “‘መቼ’ ይለካል። ‘ስንት’ ይለካል። ‘ማን’ አይለካም።” ይህን የሚሉት አለቃ ፊት ነው። አለቃ ደግሞ የሚፈልገው “ማን”ን ብቻ ነው።

እንግዲህ ወደ ታሪኩ።

ሆስፒታሉ የራጅና የሲቲ ስካን ምስሎቹን ሁሉ የሚያስቀምጠው በአንድ ትልቅ የጋራ ማከማቻ ነው። በማከማቻው ደጃፍ አራት ሰርቨሮች ቆመዋል። አራት ቢሆኑም የሚሠሩት እንደ አንድ ነው፤ ሐኪሙ የትኛውን ቢያንኳኳ ያው ምስል ይወጣለታል። አንድ ምስል ከዲስክ ከተነሣ በኋላ ሰርቨሩ ቅጂውን ሚሞሪው ውስጥ ይዞ ይቆያል፤ ሐኪሙ ተመልሶ ሲጠይቀው ዲስክ ድረስ ሳይሄድ ካጠገቡ አንሥቶ ይሰጠዋል። ያቺ ከእጅ የማትርቅ ቅጂ “ካሽ” ትባላለች።

በዚህች ቃል የመጣብንን ጣጣ ልንገራችሁ። ክቡር መለኪያ በአንድ ስብሰባ ላይ ተነሥተው፣ “ካሻችን በየአሥር ደቂቃው እየጠፋ ነው” አሉ። ከዳር ሲያንጎላጅ የነበረው የውስጥ ኦዲተር ብድግ አለ። “ስንት ነው? ቁልፉ ያለው በማን እጅ ነው?” የዚህ ካሽ ነገር ከገንዘብ ጋር እንደማይገናኝ እስኪገባው ድረስ ሩብ ሰዓት ሄደ። ከገባው በኋላ ደግሞ ተኛ።

ችግሩ የጀመረው ቀስ ብሎ ነው። የራጅ ሐኪሟ፣ እሷን “ዶክተሯ” እላታለሁ፣ “ምስሎቹ እየዘገዩ ነው” ብላ ደወለች። ድሮ በሁለት ሰከንድ የሚከፈተው ምስል አርባ ሰከንድ ይፈጅ ጀመር። የኔትወርኩ ኃላፊ “ኔትወርኬ እንደ መስታወት ነው፤ ችግሩ ማከማቻው ነው” አለ። ማከማቻውን የሸጠልን ድርጅት ወኪል ከረባቱን አስተካክሎ “ማከማቻው እንደ ሰዓት ነው፤ ችግሩ ኔትወርኩ ነው” አለ። ዳይሬክተሩ “ማሽኖቹ አርጅተዋል፤ ስለዚህ ሚሞሪ ይጨመርላቸው” አለ። እኔም ከሰው ላለማነስ “የሥራ ጫና ነው” አልኩ። ሁላችንም በእርግጠኝነት ተናገርን፤ አንዳችንም አላየንም።

ክቡር መለኪያ “ከመቼ ጀምሮ?” አሉ።

የሚያውቅ አልነበረም። “ቆይቷል” አለ አንዱ። “ሰሞኑን ነው” አለ ሌላው።

በማግሥቱ ደብተራቸውንና የእጅ ሰዓታቸውን ይዘው የራጅ ንባብ ክፍል ገቡ። ያ ጨለም ያለ ክፍል ነው፤ ሐኪሞቹ ስክሪናቸው በግልጽ እንዲታያቸው መጋረጃው አይገለጥም። ከዶክተሯ ጀርባ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ምስል በከፈተች ቁጥር ሰዓት ይይዛሉ፤ ይጽፋሉ። በሁለተኛው ቀን ዶክተሯ ወንበሯን አዙራ አፈጠጠችባቸው።

“እኔ ሰው እየሞተብኝ እርስዎ ሰዓት ይይዛሉ?”

“እሱን እኮ ነው የምይዘው፣ ዶክተር” አሉ። “እባክሽ ያንኑ ምስል ድገሚና ክፈቺልኝ።”

ደግማ ከፈተችው። ወዲያው ተከፈተ።

“አሁን ሌላ ሥራ ሥሪና ከአሥር ደቂቃ በኋላ እንደገና ክፈቺው።”

ከአሥር ደቂቃ በኋላ አርባ ሰከንድ ፈጀ።

ዶክተሯ መሳደቧን ያቆመችው ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ “ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ልክፈትልዎት?” ማለት ጀመረች። ለእኔ ግን እንደዚህ ብላኝ አታውቅም፤ ለሕመሟ መድኃኒት ይዤላት የመጣሁ ስላልነበርኩ።

በዚህ መሐል አዲሱ ሚሞሪ መጥቶ ተገጠመ። የእያንዳንዱ ሰርቨር ሚሞሪ እጥፍ ሆነ። ዳይሬክተሩ ፎቶ ተነሣ። ክቡር መለኪያ ለኩ፤ አርባ ሰከንድ። ያቺን አርባ ሰከንድ ይዘው ወደ ጠረጴዛዬ ሲመጡ ፊታቸው የሎተሪ ዕጣ የደረሰው ሰው ፊት ይመስል ነበር።

“ገባህ?” አሉኝ።

“ምኑ ጋሼ? ምንም አልተሻለውም እኮ።”

“እሱ ነው ነገሩ። ቦታ ጠብቦት የረሳ ሰው ቤት ሲሰፋለት ያስታውሳል። ትንሽም ብትሆን ይሻለዋል። እነዚህ በአንዲት ሰከንድ እንኳ አልተሻላቸውም። የሚረሱት ቦታ አጥተው አይደለማ! አንድ የሆነ ነገር በየአሥር ደቂቃው ‘እርሱት’ እያላቸው ነው።”

እንዳልገባኝ አይተው ወንበር ሳቡ። “አራት ወንድማማቾች በአንድ የውርስ ቤት ሲኖሩ አስብ። አንዱ ጓዳ ገብቶ ዕቃ ካዘዋወረ ሦስቱ ስለዚያ ጓዳ የሚያውቁትን ሁሉ መርሳት አለባቸው። አለበለዚያ በሌለበት ቦታ ድስት ሲፈልጉ ይውላሉ። ሰርቨሮቹም እንደዚያው ናቸው። አንዱ ፎልደር ውስጥ ነጥብ ከጻፈ ሦስቱ የያዙትን ቅጂ ይጥላሉ። ልክ ነው፤ ባይጥሉ ዶክተሯ የትናንቱን ምስል የዛሬ ነው ብላ ታነባለች። ጥያቄው፣ በየአሥር ደቂቃው በየጓዳው እየገባ ዕቃ የሚያንቀሳቅሰው ምንድን ነው?”

ከዚያ ከቢሮ ቢሮ መዞር ጀመሩ። “ባለፉት ሁለት ወራት ምን ለወጣችሁ?” ሁሉም “ምንም” አለ። “‘ምንም’ የሚባለውን ለውጥ እፈራዋለሁ” አሉ፣ “ሁልጊዜ ትልቁ እሱ ነው።” እኔንም ጠየቁኝ። እኔም “ምንም” አልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ጊዜ አልዋሸሁም። ረስቼው ነበር።

የረሳሁት ነገር ከዳይሬክተሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር።

ዳይሬክተሩ እንግዳ ሲመጣበት የሚያሳየው ነገር ይፈልግ ነበር። እኔ ደግሞ ምክትል ኃላፊ መሆን እፈልግ ነበር። ሁለት ፍላጎት ሲገናኝ ስክሪን ይወለዳል። “ሆስፒታላችን በዚህ ወር ያከማቸው የምስል ብዛት” የሚል፣ አረንጓዴ አኃዝ የሚሽከረከርበት ትልቅ ስክሪን። አኃዙን የምታመጣዋን ትንሽ ፕሮግራም የጻፍኳት እኔ ነኝ። በየአሥር ደቂቃው የወሩን ፎልደሮች አንድ በአንድ ትዞራለች፤ ትቆጥራለች፤ መቁጠሯን እንዳትረሳ በየፎልደሩ ትንሽ ምልክት ትጽፋለች። አንዱ ሰርቨር ቢወድቅ አኃዙ እንዳይቆምብኝ ብዬ በአራቱም ላይ ጫንኳት። አራት ወንድማማቾች በየአሥር ደቂቃው በየጓዳው እየገቡ እርስ በርስ ዕቃ ሲያዘዋውሩ አስቡ። ያ ሁሉ ትርምስ ለአንድ አኃዝ ነው፤ ለዚያውም ማንም ለማይፈልገው።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ ክቡር መለኪያ ደረጃው ላይ አገኙኝ። ደብተራቸውን ዘርግተው፣ ከሰርቨሮቹ የሥራ መዝገብ የገለበጡትን አሳዩኝ። ቀኑ ረቡዕ፣ ከስድስት ሳምንት በፊት፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት። ከዚያ በፊት ሁለት ሰከንድ፤ ከዚያ በኋላ አርባ። ቆጣሪዋ የተጫነችበት ሰዓት ነው።

“ይቺ ቆጣሪ ያንተ ናት?” አሉኝ፣ ቀስ ብለው።

“የኔ ናት ጋሼ።”

“እንግዲህ አጥፋት።”

“ጋሼ፣ ነገ ዓርብ ነው። ቦርዱ ስክሪኑን ሊያይ ይመጣል። የእኔም ሹመት እዚያው ነው የሚነሣው። እስከ ሰኞ ብቻ ይስጡኝ። ሰኞ ጠዋት ራሴ አጥፍቼ፣ ራሴ ለዳይሬክተሩ እነግረዋለሁ።”

“በሽተኞቹስ?”

ያን ጊዜ የተናገርኩትን ዛሬም ጥርሴን ስፍቅ ትዝ ይለኛል። “ስድስት ሳምንት የጠበቁ አራት ቀን ያቅታቸዋል?”

ክቡር መለኪያ ሰው ሲለምናቸው አይተው አያውቁም መሰለኝ፤ ልመናን በምን እንደሚለኩ ጠፋቸው። “ቢያንስ ከሦስቱ ላይ አንሣትና በአንዱ ብቻ ትቅር” አሉኝ በመጨረሻ። “ሸክሙ ይቀላል።”

“እሺ ጋሼ” አልኩ።

አላነሣኋትም። ቦርዱ ፊት አኃዙ እንዳይቆምብኝ ፈራሁ። ዓርብ ቦርዱ መጣ፤ አኃዙ ተሽከረከረ፤ አጨበጨቡ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አንድ ጫማ ሰፊ በታክሲ አመጡ። ሥራው ላይ እንዳለ መዶሻው ከእጁ ወድቆ፣ ሊያነሣው ቢል ክንዱ አልታዘዝ ብሎት ነው። ስትሮክ ነበር። የጭንቅላት ሲቲ ስካን አንድ ምስል አይደለም፤ ከሁለት መቶ በላይ ቁራጭ ነው፤ እያንዳንዱም ራሱን የቻለ ፋይል ነው። ዶክተሯ መክፈት ጀመረች። ግማሽ ላይ ቀጥ አለባት። ዘጋችው፤ እንደገና ከፈተችው፤ እንደገና ቆመ። ምስሉ ሙሉ በሙሉ የታያት በአሥራ ዘጠነኛው ደቂቃ ነው። ከዚያ በኋላ ነው መድኃኒቱ እንዲሰጠው ማዘዝ የቻለችው።

ሰውየው ተረፈ። ቀኝ እጁ አልተረፈም።

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሰው ሳይገባ፣ ፕሮግራሜን ከአራቱም ሰርቨሮች ላይ አጠፋሁ። ሦስት ሰዓት ላይ ስብሰባ ተጠራ። ዶክተሯ ቆማ ነበር የምትናገረው።

“አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ! እዚያ ቁጭ ብዬ የምትሽከረከር ክብ ስመለከት አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ! ማን ነው የሚመልስልኝ?”

ክቡር መለኪያ ተነሡ። “ምክንያቱን ያወቅሁት ሐሙስ ነው” አሉ። “እስከ ዛሬ አቆየሁት። ጥፋቴ ነው።”

ዳይሬክተሩ ወደፊት ዘንበል አለ። “ምንድን ነው ምክንያቱ?”

“በየአሥር ደቂቃው ምስል የምትቆጥር ፕሮግራም ናት። በየፎልደሩ እየጻፈች ሰርቨሮቹ ካሻቸውን እንዲጥሉ ታደርጋለች።”

“የማን ናት?”

ወደ እኔ አላዩም። ቢያዩኝ ይሻለኝ ነበር። ጥቂት ቆዩ። ያቺ ጥቂት ለእኔ የተተወች ቦታ እንደነበረች አውቄአለሁ፤ ተነሥቼ አንድ ቃል የምልባት። ጠረጴዛው ላይ አንድ የቀለም ጠብታ ነበረች፤ እሷን አየሁ።

“‘ማን’ አይለካም፣ ጌታዬ” አሉ።

ዳይሬክተሩ ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ከዚያ “ምስል የምትቆጥር” የምትለዋ ነገር ጆሮው ውስጥ ገባች። ግድግዳው ትዝ አለው። የሰው ፊት እንደዚያ በፍጥነት ሐሳብ ሲለውጥ አይቼ አላውቅም። “ስለዚህ” አለ፣ “ወደ ጣት መቀሳሰር አንግባ።” የማከማቻው ወኪል ዕድሉን አገኘ፤ ስልኩን አውጥቶ፣ “ዛሬ ጠዋት ፍጥነቱ ወደ ሁለት ሰከንድ ተመልሷል። አዲሱ ሚሞሪ ሥራውን ጀምሯል ማለት ነው” አለ። ሁሉም ተነፈሰ። ከአንድ ወር በኋላ ድርጅቱ የምስጋና የምስክር ወረቀት ተሰጠው።

ክቡር መለኪያ “መረጃ በወቅቱ ባለማቅረብ” ተብለው ምድር ቤት ያለው ካርድ ክፍል፣ ወረቀት መካከል፣ ተመደቡ። እኔ ምክትል ኃላፊ ሆንኩ። ስክሪኑስ? ስክሪኑ አልወረደም። አኃዙን ከኪሴ እያወጣሁ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እንዲጨምር አደረግሁት። ሁለት ዓመት ሙሉ እንግዳ ሁሉ የእኔን ግምት ሲያደንቅ ኖረ፤ አንድም ሰው “ይሄ ቁጥር ከየት መጣ?” ብሎ አልጠየቀም። ሊጠይቅ የሚችለው አንድ ሰው ምድር ቤት ነበራ።

በእነዚያ ሁለት ዓመታት ካርድ ክፍል አንድ ቀን አልወረድኩም። ሊፍቱ ምድር ቤት ሲደርስ እንዳይከፈት እጸልይ ነበር።

አንድ ቀን የክቡር መለኪያ ባለቤት ቢሮዬ መጣች። በሩን ዘግታ ተቀመጠች። ዐይኗ ቀልቷል።

“ወንድሜ፣ አንተ የቀድሞ ባልደረባው ነህ፤ እውነቱን ንገረኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ይጠፋል። ሁለት ዓመት አልፎታል። የት ነበርክ ስለው ‘ሥራ’ ይለኛል። ካርድ ክፍል ቅዳሜ ዝግ እንደሆነ አጣራሁ።”

“እና ምን ጠረጠርሽ?”

“እኔ እንጃ! ሽቶ ሽቶ ቢል እኮ ገብቶኝ ነበር። ማስቲሽ ማስቲሽ ነው የሚሸተው። የምን ሴት ናት ማስቲሽ የምትቀባ?”

ልስቅ ነበር። ግን ቅዳሜ እንደምከተላቸው ቃል ገባሁላት።

ቅዳሜ ከቤታቸው ደጃፍ ተከተልኳቸው። በሰዓታቸው ወጡ፤ ሁለት መንገድ ተሻገሩ፤ አንድ ፎቅ ሥር፣ ከደረጃው ታች ያለች ጠባብ የጫማ ሱቅ ገቡ። ከማዶ ቆሜ አየሁ። ቀኝ እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ የከተተ አንድ ሰው በግራ እጁ ወስፌ ይዟል። ክቡር መለኪያ ከፊቱ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ጫማውን በሁለት ጉልበታቸው መሐል ጭምቅ አድርገው ይዘውለታል። ሰውየው ይወጋል፤ እሳቸው ክሩን ይስባሉ። እሱ የግራ እጁ ሲያንሸራትተው ይሳደባል፤ እሳቸው ጫማውን አቃንተው እንደገና ያቀርቡለታል።

መመለስ እችል ነበር። ለሚስታቸው “ሴት የለም፤ ጫማ ነው” ብያት ነገሩን መጨረስ። እግሬ ግን መንገዱን ተሻገረ።

ክቡር መለኪያ ቀና ብለው አዩኝ። አልደነገጡም። “የሥራ ባልደረባዬ ነው” አሉ ለሰውየው።

ጫማ ሰፊው ወስፌውን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ። “ከሆስፒታሉ? እኚህ ሰውዬ ገና ካልጋ ሳልወርድ መጥተው ‘አውቄ አራት ቀን አቆየሁት’ ብለው ነገሩኝ። ሂዱልኝ ብዬ አባረርኳቸው። በሳምንቱ መጡ። አሁንም አባረርኳቸው። አራተኛው ላይ ደከመኝና ‘በሉ እንግዲህ ጫማውን ይያዙ’ አልኳቸው።”

“ያቆዩት እሳቸው አይደሉም” አልኩ።

“ተወው” አሉ ክቡር መለኪያ።

“አልተወውም ጋሼ።” ነገርኩት። ስክሪኑን፣ ቆጣሪዋን፣ ደረጃው ላይ የተናገርኳትን ቃል፣ “እሺ” ብዬ አለማድረጌን፣ ጠረጴዛው ላይ የነበረችውን የቀለም ጠብታ ሳይቀር። ጫማ ሰፊው ሳያቋርጠኝ ሰማኝ።

“አሥራ ዘጠኙ ደቂቃ ባይኖር እጄ ትተርፍ ነበር?” አለኝ።

“አላውቅም።”

“ዶክተሯም አታውቅም። እኚህም አያውቁም።” ትክ ብሎ አየኝ። “እና አንተ አሁን መጥተህ ስትነግረኝ፣ እኔ ምን ላድርግልህ?”

ይቅርታ ልለምን መሄዴን ሰውየው ከእኔ ቀድሞ ነው ያየው፤ ይቅርታውን ደግሞ ሊሰጠኝ አልፈለገም። መብቱ ነው።

ሰኞ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ነገርኩት፤ በጽሑፍም ሰጠሁት። ሳያነበው መልሶ ገፋልኝ። “ያለፈ ነገር ነው። የምስክር ወረቀት የሰጠነውን ድርጅት አሁን ምን ልንለው ነው? ስለዚህ...” ስልሳ ሁለተኛዋን “ስለዚህ” ሳልጠብቅ መልቀቂያዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ። ሁለት ዓመት ከሁለት ወር የዘገየ ጀግንነት ሌላ ስም ነው ያለው። ክቡር መለኪያም ከካርድ ክፍል አልወጡም፤ ጡረታቸው እስኪደርስ እዚያው ነበሩ።

ለሚስታቸው ነገርኳት። አለቀሰች፤ ከዚያ ሳቀች፤ ከዚያ “ታዲያ ለኔ ቢነግረኝ ምን ነበረበት?” ብላ ተናደደች። ከእኔ ጋር ግን አሁንም አትነጋገርም። እሷም መብቷ ነው።

በቀጣዩ ቅዳሜ ሱቁ ሄድኩ። ጫማ ሰፊው አላባረረኝም፤ “ግባ”ም አላለኝም። ክቡር መለኪያ አግዳሚው ላይ ፈቀቅ አሉልኝ። አምስት ቅዳሜ ጫማ ሰፊው አንድ ቃል አልተነፈሰልኝም። በስድስተኛው “ጣትህን አርቅ፤ የኔ አንድ እጅ ይበቃናል” አለኝ። እስከ ዛሬ ከነገረኝ ሁሉ ደግ ነገር እሱ ነው።

እንግዲህ ያን የማያምን፣ ያን ወግ አበላሽ፣ ያን ነገር ሁሉ “ከመቼ ጀምሮ” የሚል ሰው በየቤታችሁ ታውቁታላችሁ። ትሸሹታላችሁ። እኔም ሸሽቼዋለሁ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በአንድ ሊፍት ላይና ታች።

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ደንበኛ የተረከዝ ጫማዋን ልትወስድ መጣች። ጫማዋ እስኪያልቅ ቆማ ስታየን ቆየችና ክቡር መለኪያን፣ “አባባ፣ ይሄ ልጅዎ ነው?” አለቻቸው።

ጫማ ሰፊው ወስፌውን ይዞ ቆመ። ምን እንደሚሉ እሱም ሊሰማ ፈልጎ መሰለኝ።

“ወንድሜ ነው” አሉ ክቡር መለኪያ፣ ክሩን እየሳቡ።

አጎንብሼ ጫማውን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ።